ወደ ኤድመንተን የሚሄደው መኪና

ጥሩነህ መኪናውን ከማየቱ በፊት ሰማው። ከአንድ አሮጌ ታክሲ ሥር በጀርባው ተንጋሎ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ሲያጠብቅ፣ ከቶሮንቶው ዳንፎርዝ ጎዳና ወደ ጋራዡ ጓሮ በምታስገባው ጠባብ መንገድ አንድ ሞተር እየተንገዳገደ መጣ። ሁለት ሦስቴ በደንብ ይመታና ይሰናከላል፤ እንደገና ይመታና ይሰናከላል። በሩ ላይ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ብቻ ሲሠራ መላ አካላቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "ይሄን እንኳ ወባ ይዞታል" አለ ጥሩነህ ለራሱ፤ ከታክሲው ሥርም ተንሸራቶ ወጣ።

የመጣው የሚስቱ ወንድም ዓለሙ ነበር። መኪናው ዓለሙ ለአንድ የቤት ዕቃ መደብር ሶፋና አልጋ ሲያመላልስበት የነበረ የ1987 ሞዴል የጭነት መኪና ነው። መደብሩ ከተዘጋ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ከአፓርታማው ጀርባ ቆሞ፣ በረዶም ዝናብም ሲወርድበት ከርሟል። ጊዜው የፈረንጆቹ 1995፣ ኦክቶበር አጋማሽ ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ።

"ጋሼ ጥሩነህ፣ አስነሳሁት እኮ!" አለ ዓለሙ ከጋቢናው እየወረደ። "ግን አቅም የለውም። ቤንዚን ስሰጠው ያስነጥሳል፣ ዳገት ሲያይ ይለግማል።"

"ከቆመበት ለምን ቀሰቀስከው ታዲያ? ሥራ ተገኘ እንዴ?"

"ኤድመንተን። ሥጋ ፋብሪካ። እዚያ ያሉት ልጆች አፕላይ አድርገውልኝ ገባሁ። ሰኞ ሳምንት ስታርት አደርጋለሁ። በረዶ ሳይቀድመኝ እሁድ ጠዋት መነሳት አለብኝ።"

"በዚህ? ሦስት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር?"

"ለዚህ አይደል አንተ ጋ ያመጣሁት!"

ጥሩነህ ሳቀ። ዓለሙን ይወደዋል። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ገና እንደ ጎረምሳ የሚሮጥ፣ ቤት ሲመጣ ዝምታውን የሚሰብርላቸው እሱ ብቻ ነበር። እሱም ሊሄድ ነው ማለት ነው፣ ብሎ አሰበና ቁልፉን ተቀበለው።

ከኋላ በሸራ የተሸፈነ ጭነት ነበር። የሸራው አንዱ ጫፍ ተፈትቶ ይውለበለባል። ጥሩነህ መልሶ ሊያስረው ጠጋ ሲል፣ ከሁለት ካርቶን መሃል አንድ የእንጨት ሳጥን አየ። እጀታው ተሰብሮ በቀይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠምጥሟል። የጠመጠመው ራሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሊፍቱ የተበላሸ ጊዜ፣ ይህን የስፌት መኪና ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው ሕንጻቸው አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻው ተሸክሞ ወጥቷል። ሚስቱ ጸሐይወርቅ ከሁለት ሳምንት በፊት "ለእንቁ አዋስኳት" ብላው ነበር። እንቁ አብራት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ጓደኛዋ ናት።

"ዓለሙ።"

"አቤት።"

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

ዓለሙ ወደ ሳጥኑ አየ፤ ከዚያ ወደ ጫማው። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ በአንዴ ጠፋ።

"እሷ ራሷ ትንገርህ ብዬ ነው እንጂ... ጋሼ ጥሩነህ፣ እኔ በሁለታችሁ መሃል..."

"እሷም ትሄዳለች?"

"እዚያ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አግኝታለች።"

"ስንት ጊዜ ልትቆይ?"

ዓለሙ የተፈታውን የሸራ ጫፍ አንስቶ አቀበለው። ጥሩነህም ሁለተኛ አልጠየቀም። የሸራውን ገመድ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ አጠበቀውና፣ "ነገ ከሰዓት ደውልልኝ፤ ችግሩን ልየው" ብሎ አሰናበተው።

ሥራ መቼም ሥራ ነው፤ እጁ ከልቡ ቀድሞ ሄደ። የጋራዡ ባለቤት አንቶኒዮ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ሲሆን፣ የዘመድ መኪና ሲመጣ የዳር ቦታውን ይለቅለት ነበር። ጥሩነህ መኪናውን እዚያ አስገብቶ ኮፈኑን ከፈተ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አያቸው። አራቱ ቡናማ ሆነው በደንብ ነድደዋል፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ግን ነጥተዋል። ቤንዚን የሚራበው ሲሊንደር ካንዴላው እንዲህ ይነጣል። መልሶ አሰራቸውና፣ ወደየሲሊንደሩ ለሚረጩት ስድስት እንጀክተሮች ቤንዚን በሚያከፋፍለው ቱቦ ላይ የግፊት መለኪያ ገጠመ። ፓምፑ ደህና ነው፤ ቀስቱ መቆም ያለበት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ የእንጀክተሮቹን ሶኬት በየተራ ይነቅል ጀመር። አንደኛውን ሲነቅለው ሞተሩ ጎንበስ አለ፣ ሲመልሰው ቀና አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅለው ግን ምንም ለውጥ የለም። አምስተኛውም ያው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ እንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። እንግዲያው ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፣ ይከፈታል ይዘጋል፤ የሚወጣው ነገር ነው የሌለው። ዓመት ሙሉ የቆመ ቤንዚን ዝልግልግ ብሎ ረግቶ፣ ከፀጉር የምትቀጥነውን ቀዳዳ ደፍኗታል።

ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ቢጀምረው ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ መኪናው ይወጣ ነበር።

አልጀመረውም። ዓርብ ዓለሙ ሲደውል "ገና ነው" አለው። "ካንዴላና ፍልትሮ ቀይሬለታለሁ፣ እናየዋለን።" እውነትም ቀይሮ ነበር። ፍልትሮው መቀየሩ አይከፋም፤ ካንዴላዎቹ ግን ምንም አልሆኑም፤ ጥፋቱ እነሱ ጋ እንዳልሆነ እያወቀ ነው የቀየራቸው። በሃያ ስድስት ዓመት መካኒክነቱ ስለ መኪና ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር። በረዶ ከወረደ መንገዱ ይከብዳል፣ ዓለሙ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ እሷም እስከ ጸደይ ትቆያለች፣ እስከ ጸደይ ደግሞ ስንት ነገር ይሆናል፤ ሐሳቡ እዚህ ድረስ ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥ ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። እሷ የከሰዓት ሺፍት ነው የምትሠራው፤ ሐሙስም ዓርብም በር ላይ ተላለፉ። "ዳቦ አልቋል" አለችው። "አመጣለሁ" አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ንግግራቸው ይኸው ነበር፦ ዳቦ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የቤት ኪራይ፣ ስልክ ተደውሎልሃል።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ጥሩነህ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት መካኒክ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1976 ኅዳር ላይ ሁለት ባልደረቦቹ ከሥራ ቦታቸው ተወስደው ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ ሦስተኛው እንዳይሆን በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ጸሐይወርቅን የሁለት ወር አራስ ልጃቸውን እንዳቀፈች ነው ኮልፌ ጥሏት የሄደው። ልጅቷ ኤደን ትባላለች። ሱዳን አራት ዓመት ቆይቶ ቶሮንቶ ደረሰ፤ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንድ ቤዝመንት ውስጥ ከአራት ወንዶች ጋር ፍራሽ አንጥፎ መኖር ጀመረ፤ ሚስቱንና ልጁንም ለማምጣት ማመልከቻ አስገባ። በፈረንጆቹ 1989 ሴፕቴምበር ላይ ከኢሚግሬሽን አንድ ወፍራም ኤንቨሎፕ መጣለት። ውስጡ ፈርሞ የሚመልሰው ፎርም ነበር። እሱ ሲመለስ የሕክምና ምርመራው ይታዘዛል፣ ከዚያ ቪዛ።

ፎርሙን የላከው በጃንዋሪ ነው። አራት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ኤደን በሚያዝያ ሞተች። ማጅራት ገትር ነው ያሉት፤ በሦስት ቀን። ስድስት ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። ፎርሙ በሴፕቴምበር ተልኮ ቢሆን ኖሮ በሚያዝያ ቶሮንቶ ትሆን እንደነበርና እንዳልነበር የሚያውቅ ሰው የለም። ጥሩነህ ግን ወራቱን በጣቱ ሲቆጥር፣ አንዳንዴ ትደርሳለች፣ አንዳንዴ አትደርስም።

ጸሐይወርቅ በ1991 ብቻዋን መጣች። ሁለት ዓመት አብረው አለቀሱ፣ አብረውም አዘኑ፤ ሐዘኑ የጋራ ነበር። አንድ ቀን የታክስ ወረቀት ስትፈልግ ያንን ኤንቨሎፕ አገኘችው፤ የመጣበት ቀን ማኅተም ላዩ ላይ፣ እሱ የላከበት የፖስታ ቤት ደረሰኝ ደግሞ ውስጡ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። "ለምን?" አለችው። "ረስቼው" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። እሷም አልጨመረችም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ።

ቅዳሜ አንቶኒዮ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ዘግቶ ሲሄድ ጥሩነህ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። ሥራ ግን አልነበረውም፤ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ቆሞ ነበር። የጎን በሩ ሲከፈት ዓለሙ መስሎት ዞረ። ጸሐይወርቅ ናት። ሰማያዊ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። በባቡር ነው የመጣችው።

"ዓለሙ ነገረኝ፤ ማወቅህን" አለች።

"እሺ።"

"ልነግርህ ነበር። ቀን ስመርጥ ስመርጥ..."

"እሺ ፀሐይ። ምንም አይደል።"

መኪናውን አየችው። "ምኑ ነው የታመመው?"

"እያየሁት ነው።"

"ሁለት ቀን ሙሉ? አንተ? ሰው በስልክ ድምፁን አሰምቶህ የምታውቅ?" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ጥሩነህ፣ አሁንም ልታዘገየኝ ነው?"

ይህን ስትል እጁ ላይ የነበረው ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሳውም። ያቺ "አሁንም" የምትለው ቃል የት ድረስ ወደ ኋላ እንደምትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ።

"እንጀክተሩ ነው" አለ ቆይቶ። "ሁለቱ ተደፍነዋል። ሐሙስ ነው ያወቅኩት።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው።"

"እጠብቃለሁ" አለች። አንድ ባዶ የዘይት ባልዲ ገልብጣ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀመጠች።

ጀመረ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። ቱቦው ውስጥ የታመቀውን ቤንዚን ጨርቅ ላይ ቀስ አድርጎ አስተነፈሰ። ከላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ አነሳ፤ ከሥሩ ቤንዚን አከፋፋዩን ቱቦ ከነእንጀክተሮቹ እያወዛወዘ አወጣው። ስድስቱን በነጭ ጨርቅ ላይ በተራቸው ደረደራቸው፤ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣቱ ብዙም አይበልጡም። ጎሚኒያቸው፣ ቤንዚን እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ለሁሉም አዲስ አወጣ። ከዚያ አንዱን እንጀክተር በአጭር ጎማ ከማጽጃ ፈሳሹ ጋር አገናኘና፣ ከባትሪ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ስቦ እየነካካ ይከፍተው ይዘጋው ጀመር። አንደኛው ደህና ነበር፤ ፈሳሹ እንደ ጉም ተበትኖ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፤ ወደቀች፤ ሌላ ተንጠለጠለች።

"አልረሳሁትም ነበር" አለ ጥሩነህ፣ ፊቱን ወደ ሥራው እንዳደረገ።

"ምኑን?"

"ፎርሙን። ረስቼው ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

ባልዲው ላይ ስትንቀሳቀስ ሰማ፤ አልተነሳችም።

"ፎርሙ እንደመጣ ማታውኑ ሞልቼው ነበር" አለ። "አድራሻ የሚለው ጋ ስደርስ ያንን ቤዝመንት ዞር ብዬ አየሁት። አምስት ወንድ፣ አንድ ሽንት ቤት። መካኒክ ነኝ ብዬ እየጻፍኩልሽ እቃ አጣቢ ነበርኩ። ደህና ቤት ይዤ፣ አልጋ ገዝቼ፣ ለልጅቷም ክፍል... እንደዚያ ሆኜ እንድታገኙኝ ነበር የፈለግሁት። አንድ ወር ብዬ ነበር። አንድ ወሩ አራት ሆነ።"

ሽቦውን መንካት አቁሞ ነበር። እንደገና ጀመረ፤ ሌላ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ነው።

ውጭ በጓሮው መንገድ ሰዎች እየሳቁ አለፉ።

"መሬት ላይ እንተኛ ነበር እኮ" አለች በመጨረሻ። "አንተ የተኛህበት መሬት ላይ። ኮልፌስ ምን ላይ የምንተኛ መስሎህ ነው?"

"አውቃለሁ።"

"ይሄን ያኔ ብትነግረኝ እጮህብህ ነበር። ዕቃ እሰብር ነበር። ምናልባት ደግሞ ያልፍልኝ ነበር፤ እንጃ። አሁን ጩኸቱም የለኝም ጥሩነህ።"

ሦስተኛው እንጀክተር ከጠብታ ወደ ቀጭን ክር ተለወጠ። ክሩ ጠማማ ነበር፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ። ጥሩነህ አዙሮ ከኋላው አጠበው፣ እንደገና በፊቱ አጠበው።

"ስለ እሷ ንገሪኝ" አለ።

"አሁን?"

"ነገ ትሄጃለሽ።"

"አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቅከኝም።"

"ፈራሁ።"

እምቢ ትላለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የካፖርቷን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ቃላቱ እየተቆራረጡ ነበር የሚወጡት። ኤደን ግራኝ ነበረች። ሳሙና ትፈራለች። የሽምብራ እሸት ከነቅርንጫፉ ካልሆነ የተፈለፈለ አትበላም። ስትቆጥር ከአሥራ አራት በኋላ ሁልጊዜ አሥራ ስድስት ትላለች፤ አሥራ አምስትን ምን እንዳደረገቻት አይታወቅም። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀ ቀን ጥርሱን ካልመለሳችሁልኝ ብላ ሰፈር አስለቅሳለች።

"አባትሽ የት ነው ሲሏት፣ የጭነት መኪና ይሠራል እንድትል ነግሬያት ነበር" አለች ጸሐይወርቅ። "እኛ ቤት በር ላይ እኮ የአምቦ መንገድ መኪኖች ያልፋሉ። ጎማ ሊያዩ ወይ ሻይ ሊጠጡ ሲቆሙ እየሮጠች ትሄዳለች። ሾፌሮቹን 'አባቴን ታውቀዋለህ? ጥሩነህ ይባላል' ትላቸዋለች። አንዳንዱ ያባርራታል። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር ግን... 'እንዴታ! ትናንት አብረን ነበርን፣ ሰላም በላት ብሎኛል' አላት። አንድ ሳምንት ሙሉ አልተኛችም። ከዚያ ወዲህ ያ ሾፌር እንዲያልፍ ነው የምትጠብቀው።"

ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋ ሳይጠፋ እንባዋ ወረደ። ጥሩነህ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። እጁ እስከ ክርኑ ቤንዚን ነበር፤ ሊነካት አልቻለም። ንጹሕ ቢሆንም ኖሮ ይደፍር እንደነበር እርግጠኛ አይደለም። እሱም በቆመበት አለቀሰ፤ ፊቱን በትከሻው እየጠረገ።

ከዚያ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሦስተኛው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተከፈተ፤ እንደ ሌሎቹ ጉም ሆኖ ተበተነ። አምስተኛው የባሰ ነበር። ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ አቆይቶት፣ እንደገና ሞክሮ፣ እንደገና ነክሮ፣ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘቀዝቅ እሱም እሺ አለ። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ዘይት ቀባ ቀባ እያደረገ አስገባ፣ ስድስቱን በየቦታቸው መለሰ፣ አሰረ። ባትሪውን ገጥሞ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲያዞረው ሞተሩ ተነሳ። ሚኒሞው ላይ አንዳች አይንቀጠቀጥም። እንደዚህ ደህና ሆኖ የተነሳ ሞተር ሰምቶ እንደዚያን ቀን ያዘነበት ጊዜ የለም።

ወደ ቤት በመኪናው ሄዱ፤ ዳገት ላይ ሊሞክረው ስለፈለገ። ጸሐይወርቅ አጠገቡ ተቀመጠች። አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተው ነዳጅ ሲሰጠው መኪናው ያለ ምንም ማንገራገር ሄደ።

"ብትቀሪስ?" አለ ጥሩነህ፣ መንገዱን እያየ።

እሷ የጎኑን መስታወት በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች።

"ጠዋት ስነሳ የማየው የእሷን ፊት ነው" አለች። "አንተን ነበር የምትመስለው፤ ታውቃለህ? ቅንድቧ፣ አገጯ፣ ስትናደድ አፏን የምታደርገው። አንተን እያየሁ ነው እሷን የማየው፤ እሷን ሳይ ደግሞ ኤንቨሎፑን አያለሁ። በየቀኑ። ሰውነቴ አለቀ ጥሩነህ። አልጠላሁህም። ብጠላህ ይቀለኝ ነበር።"

"እሺ" አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤታቸው ድረስ የተነጋገሩት ስለ መንገዱ ነው፦ የት ላይ ማደር እንደሚሻል፣ የሐይቁ ዳር መንገድ ጭጋጉ መቼ መቼ እንደሚበዛ።

እሁድ ጠዋት ከሕንጻው ሥር ሦስቱም ቆሙ። የቀረው ጭነት ሁለት ሻንጣና አንድ የወጥ ድስት ብቻ ነበር። ጥሩነህ ዘይቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየ። ለዓለሙ ታንኩ ከግማሽ በታች እንዳያወርድ፣ የቆየው ቆሻሻ ከሥር እንዳይነሳበት፣ ሁለተኛ ፍልትሮ ወንበሩ ሥር እንዳደረገለት ነገረው። ዓለሙ ሁሉንም እሺ እሺ አለና አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። "ይቅር በለኝ ጋሼ" አለው። "ምን አጠፋህና!" አለው ጥሩነህ።

ጸሐይወርቅ ሦስት ጊዜ ሳመችው፤ እንደ ዘመድ። ጋቢናው ውስጥ ከገባች በኋላ መስታወቱን አውርዳ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ዓለሙ ማርሽ አስገብቶ ነበር። መኪናው ጄን ጎዳና ላይ ወጥቶ ወደ ሰሜን ታጠፈ። ጥሩነህ ድምፁን ከሌላው ሁሉ ድምፅ ለይቶ እስኪጠፋበት ድረስ በጆሮው ተከተለው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰናከል ብሎ ነበር። አልተሰናከለም።

ረቡዕ ማታ ዓለሙ ደውሎ ደህና መድረሳቸውን ነገረው፤ መኪናውንም እጅግ አድርጎ አመሰገነ። ክረምቱ ገባ። ጥሩነህ አሥራ አራተኛ ፎቅ ያለውን ቤት ለቅቆ ከጋራዡ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየ። ገናም ጥምቀትም አለፈ። ከጸሐይወርቅ ጋር ሁለት ጊዜ በስልክ ተነጋገሩ፤ የታክስ ወረቀት ጉዳይ ነበር።

በሚያዝያ፣ ኤደን የሞተችበት ስድስተኛ ዓመት ሊደርስ ሰሞን፣ ጥሩነህ ሐበሾች በሚገለገሉበት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሄዶ ጸሎት እንዲደረስላት ካህኑን ጠየቀ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህን የምታደርገው ጸሐይወርቅ ነበረች፤ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ካህኑ ደብተራቸውን ገለጡና፣ "የክርስትና ስሟ ማነው?" አሉት።

ጥሩነህ አያውቀውም። አገር ጥሎ ሲወጣ ልጅቷ ሰማንያ ቀን አልሞላትም፤ ክርስትና የተነሳችው እሱ በመተማ በረሃ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላም ጠይቆ አያውቅም።

"ደውዬ ልምጣ አባ" አለና ወጣ። ደረጃው ሥር ባለው የሕዝብ ስልክ ኤድመንተን ደወለ። እዚያ ገና ጠዋት ነበር። ጸሐይወርቅ በእንቅልፍ ድምፅ አነሳችው። ለምን እንደደወለ ነገራት፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስሟን ጠራ።

"አለሁ" አለች። "ወለተ ሰንበት ነው።"

"ወለተ ሰንበት" አለ ጥሩነህ።

"አዎ። የክርስትና እናቷ ናት ያወጣችላት።"

"እግዜር ይስጥልኝ ፀሐይ።"

"ለእኔም ጭምር አስጸልይ" አለችውና ዘጋች።

ተመልሶ ስሙን ለካህኑ ነገራቸው። እሳቸውም ጻፉትና ብዕራቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። "እርስዎስ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?"

ቶሮንቶ ከመጣ ስምንት ዓመት አልፎታል። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

"አባቷ ነኝ" አለ።

ካህኑ ራሳቸውን ነቅንቀው እሱንም ጻፉ። ከኋላው ሌላ ሰው ተራ ይጠብቅ ስለነበር፣ ጥሩነህ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።